“ይህ ሥዕል ምን ማለት ነው?” ከገብረክርስቶስ ደስታ እስከ ጁሊ ምሕረቱ

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወጣው መንገድ፣ አምስት ኪሎ አካባቢ፣ በገብረክርስቶስ ደስታ ስም የሚጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ድንቅነሽን ለማየት ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ከሚሄደው ሰው ብዙው ይህን ቤት ሳያውቀው ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በዳግማዊ ውብሸት አዘጋጅነት የጁሊ ምሕረቱ ሥዕሎች እዚህ ቤት ውስጥ ለሕዝብ ቀረቡ፤ ኤግዚቢሽኑ “ዘ አዲስ ሾው” ተባለ። ጁሊ በዚያን ጊዜ ከዓለም ስመ ጥር ሠዓሊዎች አንዷ ነበረች። በተወለደችበት ከተማ ግን ስሟን የሚያውቀው ከሥዕሏ ይልቅ የሥዕሏን ዋጋ በዜና የሰማ ሰው ነበር፤ ዛሬም ብዙ የተለወጠ ነገር የለም።

እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት የቆመ ሐበሻ አንድ የታወቀ ጥያቄ አለው፤ “ምን ማለት ነው?” ይላል። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ግን በዚሁ ሰፈር ሲጠየቅ ኖሯል፤ መልስ ሳያገኝም ብዙ ነገር አልፏል።

ታሪኩ የሚጀምረው ሙዚየሙ ስሙን ከወሰደበት ሰው ነው። ገብረክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ብራና ጽሑፍና ሥዕል ያውቁ ነበር። ልጁ ብሩሽና ቀለምን የተዋወቀው ከጀርመን ፕሮፌሰሮች ሳይሆን ከአባቱ ቤት ነው ማለት ነው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በኋላ “ፈረንጅ ሆኖ መጣ” ያሉት ሰዎች የረሱት ይህን ነውና።

አለ ፈለገሰላም አሜሪካ፣ ቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲመሠርቱ ገብረክርስቶስ ኮሎኝ ላይ ተማሪ ነበር። ጊዜውና ቦታው ትልቅ ነገር ነው። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1937 ሙኒክ ላይ “የዘቀጠ ጥበብ” ብለው ዘመናዊ ሥዕሎችን ለመሳለቂያ አሳይተዋል፤ ሠዓሊዎችን ከማስተማር ሥራ አባረዋል፣ ከሙዚየም ሥዕል አውርደዋል። ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ረቂቅ ሥዕል መሣል የቀለም ምርጫ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ዘመን መራቂያም ነበር። ገብረክርስቶስ የተማረው በዚህ አየር ውስጥ ነው። ለጀርመኖቹ ረቂቅነት ነፃነት ነበር።

በ1955 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ተመልሶ ሥራውን ሲያሳይ ግን ሌላ አየር ጠበቀው። የዚያ ዘመን የሥዕል ክብር ከታሪክና ከቤተ መንግሥት ጋር የተያያዘ ነው። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑ ባለ ቀለም መስታወቶችን ሠርቷል፤ መሪዎች ሲመጡ ከፊታቸው ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ሥዕል እንዲህ ሆኖ፣ ሰው እንዲናገርበትና እንዲኮራበት ይፈለጋል። ገብረክርስቶስ ደግሞ ክብና ቀለም፣ ጥላና ጭረት ይዞ መጣ። “ጎልጎታ”ን የመሰለውን ሥራውን እንኳ፣ ርዕሱን ማንም ክርስቲያን የሚያውቀውን፣ ስቅለትን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በለመደው ዓይን የሚያይ ሰው ግራ ይጋባበታል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ተረክ አለ፦ ገብረክርስቶስ ማንም ሳይረዳው፣ ተገፍቶ፣ ብቻውን ኖሮ ሞተ የሚል። ለሠዓሊ ሐውልት መሥራት ሲፈለግ ይህ ይመቻል፤ እውነቱ ግን ግማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሥነ ጥበብ ሽልማትን ወስዷል፤ ይህም አፈወርቅ በወሰደ በዓመቱ ነው። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ መምህር ነበር። ሰሎሞን ደሬሳ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ሥዕሉና ስለ ግጥሙ ረጅም ጽሑፍ ጽፎለታል። የሚያይና የሚጽፍ፣ የሚሸልምም ነበረ። ያልነበረው ከዚህ ጠባብ ክበብ ውጭ ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያብራራ ነው፤ ጋዜጣው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሬዲዮው።

ጥያቄውን መመለስ ደግሞ የተባለውን ያህል አይከብድም ነበር። አንድ የብራና መጽሐፍ ገልጦ በገጹ ራስጌ ያለውን ሐረግ ማሳየት ይበቃል። ሐረግ ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። መስመሩ ይጠላለፋል፣ ይታጠፋል፣ ቀለሙ ይፈራረቃል፤ ዓይን ይከተለዋል። የመስቀል ቅርጽ፣ የቀሚስ ጥበብ፣ የሰፌድና የሞሰብ ስፌት ሁሉ እንዲሁ ነው። ደብተራ የሚጽፈው ክታብ ላይ ያለው ጠልሰም ደግሞ ከዚህም ያልፋል፤ ዓይንና ማዕዘን፣ ክብና ጨረር ብቻ ነው፤ ሥራው ታሪክ መንገር ሳይሆን የሚያየውን መንፈስ ማባረር፣ የታመመውን መፈወስ ነው። ረቂቅ ሥዕል ለዚህ አገር እንግዳ ነው የሚል ሰው ቤቱን በደንብ ያላየ ነው። እንግዳ የነበረው ረቂቁ ሥዕል በፍሬም ተደርጎ፣ ፊርማ ኖሮት፣ ግድግዳ ላይ ለብቻው ሲሰቀል ነው።

ይህን በሥራው ያሳየው እስክንድር ቦጎሲያን ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በነፃ ትምህርት ለንደን ሄዶ፣ ፓሪስ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመለሰ፤ በዚሁ ትምህርት ቤትም እስከ 1969 አስተማረ። የጠልሰምን ዓይን፣ የብራናን ቆዳ፣ የክታብን አጠቀላለል ወደ ሥዕሉ አስገባ። አገር ውስጥ የቆየው ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ተጽዕኖው ግን ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ያህል ነው። በኋላ ዋሺንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ከአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ተመርቆ የሄደው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ እዚያ ተምሮ ፊደላችንን የሥዕሉ አካል አደረገ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የደርግ መንግሥት ሥዕል የሚፈልገው ለሰልፍና ለአደባባይ ነበር፤ ጡንቻማ ሠራተኛ፣ ገበሬ፣ ባንዲራ። ገብረክርስቶስ ከአገር ወጣ። በኬንያና በጀርመን አድርጎ አሜሪካ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ኦክላሆማ ግዛት ውስጥ ላውተን በምትባል ከተማ አረፈ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። ጀርመን የቀሩት ሥዕሎቹ ግን ተጠብቀው ቆዩ፤ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በስሙ የሚጠራው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ። ሠዓሊው ከሞተ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ጁሊ ምሕረቱ በዚህ ታሪክ መሐል ላይ ትገባለች። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ፕሮፌሰር አሰፋ ምሕረቱ የጂኦግራፊ ምሁር ናቸው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። እናቷ አሜሪካዊት መምህርት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977፣ አዲስ አበባ ላይ ቀይ ሽብር ሲጀምር፣ ቤተሰቡ ወደ ሚሺጋን ግዛት ሄዶ ኢስት ላንሲንግ ኖረ። ልጅቷ ስድስት ሰባት ዓመት ሆኗታል። በኋላ ዳካር፣ ሼክ አንታ ዲዮፕ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ተምራለች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን እ.ኤ.አ. በ1997 ከሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ወሰደች።

የጂኦግራፈር ልጅ መሆኗን ብዙ ጸሐፊዎች ያነሣሉ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያ ሥራዎቿ ካርታ ይመስላሉ። ትንንሽ ምልክቶች ትሠራለች፤ ጭረት፣ ነጥብ፣ ቀስት፣ ጉንዳን የሚያህሉ ነገሮች። እነዚህን ምልክቶች እንደ ሰዎች ነበር የምታስባቸው፤ ይሰደዳሉ፣ ይሰፍራሉ፣ ይዋጋሉ፣ ከተማ ይቆረቁራሉ። ቆይታ እነዚህ ሰዎች የሚኖሩበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል ብላ የሕንፃ ፕላን ወደ ሥዕሉ አስገባች።

አሠራሯን ማወቅ ሥዕሏን ለማየት ግማሽ መንገድ ስለሆነ ዘርዘር አድርጎ መናገር ይጠቅማል። ሸራው በጣም ትልቅ ነው፤ አንዳንዱ ለመሥራት እንደ ሕንፃ ቀቢ በማንሻ ላይ መውጣት ይጠይቃል። መጀመሪያ ሸራው ይቀባና በብርጭቆ ወረቀት እየተፈገፈገ እንደ ጠረጴዛ ፊት ይለሰልሳል። ከዚያ የሕንፃ ፕላኖች፣ የስታዲየም፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የአደባባይ ሥዕሎች በፕሮጀክተር ሸራው ላይ ይጣላሉ፤ እሷና ረዳቶቿ መስመሩን በቀለም እስክሪብቶ እየተከተሉ ይገለብጣሉ። አንዱ ፕላን በሌላው ላይ፣ አንዱ ከተማ በሌላው ላይ። በዚህ ላይ የጠራ አክሪሊክ ይረጫል። ሲደርቅ ይፈገፈጋል። እንደገና ይሣላል፣ እንደገና ይረጫል፣ እንደገና ይፈገፈጋል። የታችኛው መስመር በላይኛው ሥር ይታያል፤ ግን እንደ ውኃ ሥር ያለ ጠጠር፣ እጅ አይደርስበትም። መጨረሻ ላይ በእጇ፣ በብሩሽና በጥቁር ቀለም፣ ማንም ረዳት የማይነካውን ጭረት ትጨምራለች። አንዳንዱን ትሠራና መልሳ ታጠፋዋለች፤ የጠፋበት ቦታ ግራጫ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል፤ እሱም የሥዕሉ አካል ነው።

ብራና ሲዘጋጅ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። ብራና ፋቂው ቆዳውን ወጥሮ ይፍቃል፣ በድንጋይ ያለሰልሳል፤ ጸሐፊው ሲሳሳት ፊደሉን ይፍቅና በላዩ ይጽፋል፤ ወደ ብርሃን ሲያዙት የተፋቀው ይታያል። ጁሊ ይህን ከብራና ወሰደችው ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ዝምድና በየሥዕሉ መፈለግ የዲያስፖራ ዝና ሲገጥመን የሚይዘን በሽታ ነው። ነገር ግን ለአገራችን ተመልካች ከ“ምን ማለት ነው?” የተሻለ የመግቢያ ጥያቄ ይሰጠዋል፤ “ከሥሩ ምን አለ?” የሚል።

ከሥሩ ያለው አንዳንድ ጊዜ አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጁሊ “ሞጋማ” የተባለ ባለ አራት ክፍል ሥራ ጀርመን፣ ካሰል ከተማ፣ ዶኩሜንታ በተባለው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ አቀረበች። እያንዳንዱ ክፍል ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል። ሞጋማ ካይሮ፣ ታህሪር አደባባይ ላይ ያለ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የነበረ ግዙፍ ሕንፃ ስም ነው፤ ግብፃዊ መታወቂያና ፓስፖርት ለማውጣት ሲመላለስበት የኖረ። የዓረብ አብዮት ሲነሣ ሕዝቡ የተሰበሰበው ከፊቱ ነው። ጁሊ የዚህን ሕንፃ ሥዕል ወስዳ የሌሎች ከተሞችን አደባባዮች ደረበችበት፤ የኒውዮርኩን ዙኮቲ ፓርክና የአዲስ አበባን መስቀል አደባባይ ጨምሮ። ከአራቱ አንዱ ክፍል ዛሬ ለንደን፣ ቴት ሙዚየም ውስጥ ነው።

ምርጫው የዘፈቀደ አይደለም። መስቀል አደባባይ ደመራ የሚበራበት ነው፤ ደርግ “አብዮት አደባባይ” ብሎ ሰልፍ አድርጎበታል፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደም የመሰለ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ የሰበሩበት ነው፤ በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ሕዝብ እንደ ጎርፍ የፈሰሰበት ነው። አንዱ መንግሥት ለራሱ ክብር ያሰፋውን ሜዳ ሌላው ትውልድ ለሌላ ነገር ይጠቀምበታል። ሥዕሉ ላይ ይህ ሁሉ ተጽፎ አይገኝም። የመስመር ደን ነው የሚታየው፤ ቀረብ ሲሉ መስኮትና አርከን ይለያል፣ ራቅ ሲሉ ጭስ ይሆናል። ሰው በታሪክ መሐል ሲቆም የሚያየው ግን ከዚህ ብዙ የተለየ ነው?

ከዚህ በኋላ ፕላኑን እየተወች መጣች። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ባለው ሥራዋ የዜና ፎቶግራፎችን ትወስድና በኮምፒውተር ታደበዝዛለች፤ ቃጠሎ፣ ተቃውሞ፣ ፖሊስ። ፎቶው የቀለም ጉም እስኪሆን ድረስ ይደበዝዛል፤ ያ ጉም ሸራው ላይ ይሠራል፤ በላዩ ትሥላለች። ለሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 ያስረከበቻቸው ሁለት ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ወደ ስምንት ሜትር ከፍታና ወደ አሥር ሜትር ስፋት አላቸው። ስቱዲዮዋ ስላልበቃት ሃርለም ውስጥ አገልግሎት ያቆመ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የሠራቻቸው። የጃዝ ፒያኒስቱ ጄሰን ሞራን እዚያው ከሥዕሎቹ ጋር ሙዚቃ ደረሰ። ከሥሩ ያሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ መልክዓ ምድር ሥዕሎችና የዘመናችን የዘር ተቃውሞ ፎቶዎች ናቸው፤ አንድ ላይ ተፈጭተው።

ይህን ይዘን ወደ 2008 ዓ.ም. ክረምት እንመለስ። ኤግዚቢሽኑ ሐምሌ ላይ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ጎንደር ላይ፣ ከዚያም ባሕር ዳር ላይ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞው ከጀመረ ወራት ሆኖታል። መስከረም መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አደባባይንና አመፅን ስትሥል የኖረች ሠዓሊ በዚያ ክረምት አምስት ኪሎ ላይ ሥራዋን ስትሰቅል፣ ከተማው ስለ ሥዕሉ ያወራው ስለ ዋጋና ስለ ዝና ነው። ነገሩ የሠዓሊዋም የተመልካቹም ጥፋት አይደለም። የሥነ ጥበብ ሐያሲ የሚባል ሙያ በጋዜጣዎቻችን ላይ ደሞዝ ኖሮት አያውቅም። ኤልሳቤጥ ወልደጊዮርጊስ፣ የማዕከሉ ዳይሬክተር የነበረችው፣ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታሪክ በሙሉ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትማለች፤ በእንግሊዝኛ ነው። ታሪኩ በአማርኛ እንዲህ ተሟልቶ ቢቀርብ ኖሮ ጥያቄው ቢያንስ ከ“ምን ማለት ነው?” አንድ እርምጃ ያልፍ ነበር።

ዋጋው እንግዲህ ይነገር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 አንድ ሥዕሏ ኒውዮርክ ላይ በሶዝቢስ ጨረታ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ወጣ፤ አፍሪካ ውስጥ ለተወለደ ሠዓሊ በዚያን ጊዜ ከፍተኛው ዋጋ ነበር። በማግሥቱ ማኅበራዊ ሚዲያችን በኩራት ተሞላ። ኩራቱ መልካም ነው። ሥዕሉ ሸራ ላይ ምን እንዳለበት የጻፈ ግን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

የከተማዋ ጉዳይ ደግሞ አለ። በ2016 ዓ.ም. ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለው ሰፈር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆነ። መፍረስ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ። እዚህ የሚነሣው ሌላ ነው። ጁሊ ምሕረቱ ኢስታንቡልን ወይም በርሊንን ስትሥል የምትነሣው ከተጠበቀ ፕላንና ፎቶ ነው፤ የበርሊኑን ሥራዋን ስትሠራ በጦርነቱ የወደሙ የከተማዋ ሕንፃዎች ሥዕል ማግኘት ችላለች። የፒያሳን የእንጨት በረንዳዎች፣ የአርመንና የግሪክ ሱቆች፣ የጓሮ ቤቶች ልኬት ማን ይዞታል? የቆመው ይፍረስ ቢባል እንኳ፣ ከመፍረሱ በፊት ተለክቶ በወረቀት መቅረቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አምስት ኪሎ ላይ መሐንዲስ የሚያሠለጥን የቴክኖሎጂ ተቋም አለ፤ ልደታ ላይ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት አለ፤ ለአንድ ሴሚስተር ሥራ የሚበቃ ነው።

የአምስት ኪሎው መስመር ግን በስደተኞቹ ብቻ የቀጠለ አይደለም። የገብረክርስቶስ ተማሪ የነበረው ታደሰ መስፍን ሌኒንግራድ ተምሮ ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተምሯል፤ ዛሬ ስመ ጥር የሆኑ በርካታ ሠዓሊዎች በእጁ አልፈዋል። ከዚያው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረቀው ኤልያስ ስሜ ደግሞ ረቂቅ ሥዕልን ከመርካቶ ዕቃ ይሠራዋል። የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ የስልክ ሽቦ ይገዛል፤ ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በሚስማር ይመታዋል። ርቆ ላየው ከአውሮፕላን የታየ የጤፍ ማሳ ይመስላል። ሲጠጉት ቀይና አረንጓዴ ሽቦ ነው፤ አንዳንዱ ላይ የፋብሪካው ቁጥር ገና አልጠፋም። ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዱን ትልቅ ሥራ ለመጨረስ የሚበቃው አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ሽቦ ከመርካቶ እስኪሰበሰብ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2024 ቬኒስ ላይ ታይተዋል። እዚህ ከመሥከረም አሰግድ ጋር ባቋቋመው ዞማ ሙዚየም፣ መካኒሳ፣ የጭቃና የጭድ ግድግዳውን ራሱ በእጁ ቀርጾታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ግድግዳውን እየዳሰሱ ያልፋሉ፤ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁ አይሰማም።